መለኪያው ስንት ይሳሳታል?
ስለ መግቢያ ውጤት፣ ስለ ዩኒቨርሲቲ ጉብኝትና ስለ ነፃ የትምህርት ዕድል

ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ፊዚክስ ቤተ ሙከራ የገባ ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው አንድ ነገር አለ። ማንኛውም ልኬት የስሕተት መጠኑ አብሮት ካልተጻፈ ሙሉ አይደለም። የፔንዱለሙ ገመድ ርዝመት 98.4 ሳንቲ ሜትር ነው ብሎ ያስረከበ ተማሪ ወረቀቱ ይመለስበታል፤ 98.4 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 0.1 ብሎ የጻፈው ግን ይታረምለታል። የሚያስገርመው፣ ይኸው ተማሪ ወደዚያ ቤተ ሙከራ የገባው እርሱ ራሱ ተለክቶ በተሰጠው ቁጥር ሆኖ ሳለ፣ ከዚያ ቁጥር አጠገብ የስሕተት መጠን ተጽፎ አይቶ አለማወቁ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ ቁጥር ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ወደ ዩኒቨርሲቲ ያስገባል ወይም ያስቀራል፤ የትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሚደርስ ይወስናል፤ በውጤት ብልጫ የሚሰጥ ነፃ የትምህርት ዕድልም የሚታደለው በእርሱ ነው። በአንጻሩ ተማሪው ራሱ ዩኒቨርሲቲውን የሚለካበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ሄዶ ማየት ነው። በአገራችን የመጀመሪያው ልኬት በብዙ ጥበቃና በብዙ ወጪ ሲካሄድ፣ ሁለተኛው ጭራሽ ሳይካሄድ ይቀራል። ነገሩን በምሳሌ ለማየት ወደ ደራ እንሂድ።

ደራ በአርሲ ዞን የዶዶታ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከአዳማ ተነስቶ አዋሽ መልካሳን አልፎ ወደ አሰላ በሚወጣው መንገድ ላይ፣ ከአዳማ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። በስተሰሜኗ አዳማ ላይ የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በስተደቡቧ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አሰላ ላይ የአርሲ ዩኒቨርሲቲ አለ። የሁለቱ ታሪክ የተሳሰረ ነው። የአዳማው እ.ኤ.አ. በ1993 የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ተብሎ ተጀመረ፤ በ1998 ዓ.ም. አዳማ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ የዛሬ ስሙን ያዘ። የአሰላው ቅጥር ግቢ የእርሱ አካል ሆኖ ቆይቶ በኋላ ነው ተለይቶ የአርሲ ዩኒቨርሲቲ የሆነው። ይሁን እንጂ ሁለቱ በሮች የሚከፈቱት በተለያየ ቁልፍ ነው። አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ፣ እንደ አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሁሉ፣ ከብሔራዊው ፈተና በተጨማሪ በመግቢያ ፈተና አወዳድሮ የሚቀበል ተቋም ነው። ወደ አርሲ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ግን ትምህርት ሚኒስቴር ውጤትንና የተማሪውን ምርጫ አይቶ በሚያደርገው ምደባ ነው። ስለዚህ የደራ ተማሪ በአንድ መንገድ ሁለት ጫፍ ሁለት ዓይነት መለኪያ ይጠብቀዋል። ሁለቱንም ግቢዎች በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ በሚችልበት ርቀት ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ የምርጫ ቅጹን የሚሞላው አብዛኛውን ጊዜ በወሬ ነው።

ከአንደኛ ዓመት ተማሪዎቻችን መካከል ዩኒቨርሲቲ የሚባል ግቢ ከፈተና በፊት ገብቶ ያየ ማን እንደሆነ በየዓመቱ እንጠይቃለን። እጃቸውን የሚያነሱት ጥቂቶች ናቸው። «ከፈተና በፊት» ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከጥቅምት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ቅጥር ግቢ መሰጠት በመጀመሩ፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ከየወረዳቸው በአውቶቡስ ተጭነው ዩኒቨርሲቲ ገብተው አድረዋል። በአገሪቱ ታሪክ እንዲህ ያለ ሰፊ የዩኒቨርሲቲ «ጉብኝት» ተደርጎ አያውቅም ማለት ይቻላል። ነገር ግን ተማሪው በዚያ ጊዜ ያየው የተፈተሸበትን በር፣ ያደረበትን ማደሪያና የተፈተነበትን አዳራሽ ነው። ቤተ ሙከራው ተቆልፎ ነበር፤ ነባሮቹ ተማሪዎችም ግቢውን ለቀው ነበር። የተለካው እርሱ ነው፤ እርሱ ግን አልለካም።

እስኪ አሁን ወደ ቁጥሩ እንመለስ። በዚያ የመጀመሪያ ዙር ከተፈተኑት ውስጥ ግማሹን ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ፈተና 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ አለፉ። እነዚህ አኃዞች ብዙ ቁጣና ብዙ ክርክር አስነስተዋል። እኛ እዚህ የምንጠይቀው ጥያቄ ግን ጠበብ ያለ ነው፤ 50 የሚለው መሥመር ላይ የቆመ ተማሪ ምን ያህል በዕውቀቱ፣ ምን ያህልስ በዕድሉ ቆመ?

አንድ ቀላል ሞዴል እንውሰድ። ፈተናው 60 ጥያቄ አለው፤ እያንዳንዱ ጥያቄ አራት አማራጭ አለው እንበል። ምንም የማያውቅ ተማሪ ዓይኑን ጨፍኖ ቢያጠቁር በአማካይ 15 ያገኛል፤ ይህም 25 በመቶ ነው። ስለዚህ የመለኪያው ዜሮ ያለው 0 ላይ ሳይሆን 25 ላይ ነው። ጥያቄዎቹን አንድ ሦስተኛ ያህል በትክክል የሚያውቅና የቀረውን የሚገምት ተማሪ ደግሞ በአማካይ 20 ሲደመር 10፣ ማለትም 30 ያገኛል። ይህ ልክ 50 በመቶ ነው። እንግዲህ በዚህ ሞዴል የ50 መሥመር የሚጠይቀው የትምህርቱን ግማሽ ሳይሆን ሲሶውን ማወቅ ነው። የማለፊያው መሥመር ከፍ ብሎ ተሰቅሏል ብለው ለሚያማርሩ ወጣቶች ይህን ስሌት ደጋግመን አሳይተናል፤ አይወዱትም።

ግምት ግን አንድ ቀን ያነሣል፣ አንድ ቀን ይጥላል። ቀደም ሲል የጠቀስነው ተማሪ የሚገምታቸው 40 ጥያቄዎች ናቸው። ከእነርሱ የሚያገኘው ነጥብ በ10 ዙሪያ ወደ ላይም ወደ ታችም ይዋዥቃል። የመዋዠቁ መጠን የ40 ጊዜ 0.25 ጊዜ 0.75 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም 2.7 ጥያቄ ያህል ነው። ከመቶ ሲሰላ 4.6 ይሆናል። እንግዲህ የአንድ ትምህርት ውጤት 50 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 4.6 ተብሎ መጻፍ ነበረበት። ደግነቱ ተማሪው የሚፈተነው አንድ ትምህርት ብቻ አይደለም። የስድስት ትምህርቶች አማካይ ሲወሰድ ስሕተቱ በ6 ስኩዌር ሩት ይካፈልና ወደ 1.9 ይወርዳል። ቤተ ሙከራ ውስጥ አንድን ነገር ደጋግማችሁ ለክታችሁ አማካይ ውሰዱ የምንላችሁ ለዚህ ነው።

1.9 ትንሽ ይመስላል፤ መሥመሩ ላይ ግን ትንሽ አይደለም። በዕውቀቱ 49 የሚገባው ተማሪ ከ10 ጊዜ 3 ጊዜ ያህል 50ን ይሻገራል። 51 የሚገባው ተማሪም እንዲሁ ከ10 ጊዜ 3 ጊዜ ያህል ይወድቃል። የሁለት ተማሪዎችን ውጤት ስናነጻጽር ደግሞ የልዩነታቸው ስሕተት ከአንዱ ስሕተት ይበልጣል፤ 2.7 ገደማ ይደርሳል። እናም 61 ያገኘችውን ከ59 ካገኘው አስቀድሞ፣ ለእርሷ ነፃ የትምህርት ዕድል ሰጥቶ እርሱን ያስቀረ ኮሚቴ፣ ሚዛኑ መለየት የማይችለውን ክብደት ለየሁ ብሏል ማለት ነው። ይህን ስንል ኮሚቴውን ለመውቀስ አይደለም፤ ቦታው አንድ ከሆነ አንድ ሰው መምረጡ አይቀርም። ተማሪው ግን በሁለት ነጥብ ተበልጦ ሲቀር «እኔ ከእርሷ አንሳለሁ» ብሎ ቢደመድም የፊዚክስ ስሕተት ይሠራል።

እስካሁን ያየነው ድንገቴ ስሕተት ነው። ሌላ ዓይነትም አለ፤ ቋሚ ስሕተት እንበለው። ባዶ ሆኖ ሳለ 200 ግራም የሚያሳይ ሚዛን ላይ አንድ ኪሎ ስኳር መቶ ጊዜ ብትመዝኑ መቶውም ጊዜ 200 ግራም ይሳሳታል፤ አማካይ መውሰድ አንዳች አይረዳም። በትምህርት ቤቶቻችን ያለው ከባዱ ስሕተት ይህኛው ነው። የደራ ልጅ በኦሮሚያ እንዳለ ሌላ ተማሪ ሁሉ የአንደኛ ደረጃ ሳይንስን በአፋን ኦሮሞ ይማራል፤ 9ኛ ክፍል ሲደርስ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ እንግሊዝኛ ይሆናል። የፊዚክስ ፈተናውም የሚለካው ፊዚክስን ብቻ ሳይሆን ያን ሽግግርም ጭምር ነው። በዚህ ላይ ኦሲሎስኮፕ የሚባለውን መሣሪያ በመጽሐፍ ሥዕል ብቻ የሚያውቅ ተማሪ ስለ ሞገድ ሲጠየቅ፣ መሣሪያውን በእጁ ነክቶ ከሚያውቀው ጋር እኩል አይጀምርም። አዳማ ውስጥ የኦሮሚያ ልማት ማኅበር አዳሪ ትምህርት ቤት አለ፤ ጎበዝ ተማሪዎችን ከየቦታው መርጦ የሚያስተምር ነው። እዚያ የተማረና ደራ የተማረ ሁለት ወጣቶች እኩል 60 ቢያመጡ፣ ከጀርባቸው ያለው ጉዞ እኩል አይደለም።

ቋሚ ስሕተትን የምናስወግድበት ዘዴ ከቤተ ሙከራ የታወቀ ነው። ፍጹም ዋጋውን ትተን ልዩነቱን እንወስዳለን፤ የሚዛኑ ስሕተት በሁለቱም ንባብ ላይ ስላለ ሲቀናነስ ይጠፋል። ይህን ሐሳብ ወደ ተማሪ ቅበላ ያመጣ አንድ የታወቀ ሕግ አለ። በአሜሪካ የቴክሳስ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣችው ሕግ፣ በግዛቲቱ ካለ ከማንኛውም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከክፍሉ በ10 በመቶዎቹ ከፍተኛ ተማሪዎች ውስጥ ሆኖ የጨረሰ፣ ወደ ግዛቲቱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ያለ ተጨማሪ መስፈርት እንዲገባ ፈቀደች። ተማሪው የሚነጻጸረው በአንድ ጥቁር ሰሌዳ ፊት አብረውት ከተቀመጡት ጋር ነው። ሕጉ ብዙ ሙግት ገጥሞታል፤ ኋላም በኦስቲን የሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ድርሻውን እንዲያጠብ ተፈቅዶለታል። ዘዴው በአገራችን ቢሞከር ትምህርት ቤቶች የክፍል ውጤት ማጋነን ይጀምራሉ የሚል ሥጋት አለን፤ ቢሆንም ውይይት የሚገባው ጉዳይ ነው።

አሁን ስለ ነፃ የትምህርት ዕድል ጥቂት እንበል፤ በተማሪዎች ዘንድ ብዙ የተዛባ አስተሳሰብ ያለው እዚህ ላይ ነውና። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻችን ከ1996 ዓ.ም. አንሥቶ የወጪ መጋራት ሥርዓት ተዘርግቷል። በ2000 ዓ.ም. በወጣው ደንብ ቁጥር 154 መሠረት ተማሪው የምግቡንና የማደሪያውን ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ ከማስተማሪያው ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ይጋራል፤ ዕዳውንም ከተመረቀ በኋላ ከገቢው ይከፍላል። የቀረውን የሚሸፍነው ሕዝብ ነው። በሌላ አነጋገር በምደባ የገባ ተማሪ ሁሉ፣ ማንም እንዲያ ብሎ ባይጠራውም፣ በውጤት የተሰጠ ነፃ የትምህርት ዕድል ተቀባይ ነበር። ይህ ሥዕል አሁን እየተለወጠ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና መስጠት ጀምሯል። ሌሎችም በተራቸው ሲከተሉ፣ ማን ምን ያህል ይከፍላል የሚለው ጥያቄ እንደ ቀድሞው በየቦታው አንድ ዓይነት መልስ አይኖረውም።

በውጤት የሚሰጥ ዕድል ሲቀርብላችሁ አስቀድማችሁ መጠየቅ ያለባችሁ የሚሰጠውን የገንዘብ መጠን አይደለም፤ ዕድሉን ይዞ ለመቆየት ስንት ነጥብ እንደሚያስፈልግ ነው። ምክንያቱ ደግሞ ከላይ ካየነው ስሌት ይመነጫል። በአንድ ፈተና እጅግ ከፍ ያለ ውጤት ካገኙት መካከል ብዙዎቹ በዚያ ቀን ዕድልም የረዳቸው ናቸው። በሚቀጥለው ልኬት ዕድሉ እኩል አይደገምም፤ ስለዚህ በአማካይ ዝቅ ይላሉ። ሰንፈው አይደለም፤ የልኬት ጠባይ ነው። ሰጪው አካል ይህን ሳያስብ «በየሴሚስተሩ ከ4 ነጥብ 3.5 ያላመጣ ዕድሉን ያጣል» የሚል ቅድመ ሁኔታ ቢያስቀምጥ፣ ከተቀባዮቹ ቀላል የማይባል ቁጥር ያለው በአንደኛው ዓመት መውደቁ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ስለዚህ ባለፈው ዓመት ከተቀበሉት ስንቱ ዛሬም ይዘውታል ብላችሁ ጠይቁ። የሚሸሽ መልስ ከተሰጣችሁ እርሱም መልስ ነው።

ወደ ውጭ አገር ለሚያመለክቱት ደግሞ አንድ ልዩነት ግልጽ ሊሆን ይገባል። በውጤት ብልጫ የሚሰጥ ዕድል አለ፤ የቤተሰብ አቅም ታይቶ የሚሰጥም አለ። ስማቸው እዚህ በየቤቱ የሚጠራው ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተንና ኤምአይቲ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ በውጤት ብልጫ የሚሰጡት ገንዘብ የለም፤ የሚሰጡት በሙሉ በቤተሰብ ገቢ ተሰልቶ ነው። ሲቀበሉም፣ ከሌላ አገር የመጣ ተማሪ ቢሆን እንኳ፣ የመክፈል አቅሙን ለመቀበል ወይም ለመከልከል ምክንያት አያደርጉትም። እንግዲህ «ውጤቴ ለሃርቫርድ ስኮላርሺፕ ይበቃል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ሁለት የተለያዩ በሮችን በአንድ ቁልፍ ለመክፈት መሞከር ነው። ለእነዚህ ተቋማት፣ ደመወዝ የሌለው የደራ ጤፍ አምራች ገበሬ ገቢው ስንት እንደሆነ የሚያሳይ፣ ማኅተም ያለበትና የተተረጎመ ማስረጃ ከውጤት ወረቀቱ ባልተናነሰ ያስፈልጋል። ሌሎች ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ግን በውጤት ይሰጣሉ፤ በዚያም ሽሚያው ብርቱ ነው። ገንዘብ ተቀብሎ «ስኮላርሺፕ አስጨርሳለሁ» የሚል ደላላ በሁለቱም ዓይነት ቦታ የለውም፤ የምርጫው ውሳኔ በእጁ አይደለምና።

በዚያው አገር በትምህርት ላይ በቆየንባቸው ዓመታት ካየናቸው ነገሮች አንዱ የጉብኝት ልማዱ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከወላጆቻቸው ጋር ግቢ ለግቢ ይዞራሉ፤ አንድ ተማሪ ፊቱን ወደ እነርሱ አድርጎ ወደ ኋላ እየተራመደ ያስረዳቸዋል። እንዲያውም አንዳንድ ኮሌጆች አመልካቹ መጎብኘት አለመጎብኘቱን የፍላጎቱ ምልክት አድርገው በመዝገብ ይይዙታል። ይህ ደግሞ የአውሮፕላን መሳፈሪያ ያለውን ከሌለው ስለሚያስበልጥ ፍትሐዊነቱ አጠያያቂ ነው። እኛ ልንወስድ የሚገባን የልማዱን ጌጥ ሳይሆን ቁም ነገሩን ነው።

ጉብኝትም ልኬት ነው፤ ስለዚህ ስሕተት አለው። አንደኛው ስሕተት መለኪያው የሚለካውን ነገር መለወጡ ነው። ጎብኚ ይመጣል ሲባል ኮሪደሩ ይታጠባል፤ ለወራት የተቆለፈ ቤተ ሙከራ ይከፈታል። የበዓል ወይም የምረቃ ቀን የታየ ግቢ አልታየም ማለት ይቻላል። ሥራ ያለበት ተራ ቀን ምረጡ፤ የሚሻለውም የአንደኛ ዓመት የቤተ ሙከራ ክፍለ ጊዜ ያለበት ከሰዓት በኋላ ነው። ያለ ደብዳቤ ግን ከበር ጥበቃ አታልፉም። ርዕሰ መምህሩ ማኅተም ያለበት የትብብር ደብዳቤ ለዩኒቨርሲቲው የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ይጻፍ፤ ስማችሁ ተዘርዝሮ ይያያዝ፤ የትምህርት ቤት መታወቂያም ያዙ። ደብዳቤው ሁለት ሳምንት ቀድሞ ቢደርስ ይመረጣል። ስምንትና ዐሥር ሆናችሁ አንድ መምህር አስከትሎ መሄድ መቶ ሆኖ በአውቶቡስ ከመሄድ እጅግ ይሻላል። መቶ ሰው ቤተ ሙከራ አይገባም፤ በመስኮት ነው የሚያየው።

ከገባችሁ በኋላ ዓይናችሁን በሕንፃው ላይ አታባክኑ። በአንድ የሙከራ ጠረጴዛ ዙሪያ ስንት ተማሪ ቆሟል? ሦስት ከሆኑ ሁሉም ይሠራሉ፤ ዐሥር ከሆኑ ሁለቱ ይሠራሉ፣ ስምንቱ ይገለብጣሉ። መሣሪያው ላይ የፕላስቲክ ሽፋኑ አሁንም አለ ወይ? የቮልቲሜትሩ ቁልፍ በእጅ ብዛት ጽሑፉ ከጠፋ መልካም ምልክት ነው፤ ከሚያበራው አዲስ መሣሪያ ይልቅ ያን እናምናለን። መብራት ሲጠፋ ሙከራው ምን ይሆናል? ቤተ መጻሕፍቱ በስንት ሰዓት ይዘጋል?

የምትጠይቁትን ሰውም ምረጡ። አስጎብኚው ሥራው ማሳመን ነው፤ ተመራቂው ደግሞ ያለፈውን መከራ በፍቅር ማስታወስ ጀምሯል። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ፈልጉ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት ስለ ተመለሰ፣ ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የትምህርት ክፍሉን አላወቀም፤ የሚመደበው በኋላ ነው። «የፈለግኸው ክፍል ደረሰህ ወይ? ስንት ነጥብ ጠየቀህ?» ብላችሁ ለአንድ ሳይሆን ለአምስትና ለስድስት ተማሪ ተመሳሳዩን ጥያቄ አቅርቡ። መልሱን ለየብቻ ጻፉት፤ አንዱ ያማረረውን ሌላው ካመሰገነው የሁለቱን ምክንያት አብራችሁ መዝግቡ። ተማሪ ሁሉ ስለ ምግብ ያማርራል፤ እርሱን እንደ ሚዛኑ ቋሚ ስሕተት ቆጥራችሁ ቀንሱት።

ከመውጣታችሁ በፊት ወደ ሬጅስትራር ሂዱና ማስታወቂያ ሰሌዳውን አንብቡ። ለእንግዳ ተብሎ የሚለጠፍ ነገር እዚያ የለም። የምዝገባ መራዘሚያ፣ የትምህርት ክፍል ምደባ ዝርዝር፣ በማስጠንቀቂያ የቀጠሉና የተሰናበቱ ተማሪዎች መለያ ቁጥር፣ የዳግም ቅበላ ጥሪ፣ ያለፈው ሴሚስተር የዘገየ ውጤት በላይ በላዩ ተለጥፎ ታገኙታላችሁ። የፊዚክስ ክፍል ስንት ተማሪ እንደ ተቀበለና የመቁረጫ ነጥቡ ስንት እንደ ነበር ከዚያው ዝርዝር መቁጠር ይቻላል። እርሳስና ደብተር ይዛችሁ ሂዱ፤ ወደ ደራ የሚመለሰው የመጨረሻው መኪና አመሻሽ ላይ ስለሚሞላ ግን ከ11 ሰዓት በፊት መነኸሪያ ድረሱ።